ጣት፣ ስንዝር፣ ክንድ

የካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ በሰሜን በኩል የምታልቀው አልቪሶ ላይ ነው። የ237 አውራ ጎዳናን ተከትለው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ወደ ሰሜን ሲዘለቅ ጥቂት መንገዶች፣ አሮጌ የእንጨት ቤቶችና አንድ የጀልባ መነሻ ያሉበት ትንሽ ሰፈር ይገኛል። ከሰፈሩ ወዲያ የአፈር ግድብ፣ ከግድቡ ወዲያ ውሃ ነው። ይህ ውሃ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ጫፍ ሲሆን፣ ዶን ኤድዋርድስ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ የሚባለው ጥብቅ ስፍራ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ስፋቱ 30,000 ኤከር፣ ማለትም 12,000 ሄክታር ገደማ ይሆናል።

ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት፣ አንዲት ጎጆ በሚሊዮን ዶላር በምትሸጥበት በዚህ አካባቢ፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የባሕር ዳርቻ ወፎች ያልፋሉ። ከአላስካ ተነስተው እስከ ፔሩና አርጀንቲና የሚወርዱ አሉባቸው። መንገዳቸው ላይ ውሃ ሞልቶ ተርፏል፤ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ከጎናቸው ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ትተው በፋብሪካ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በቆሻሻ መጣያ በተከበበ ጭቃ ላይ የሚያርፉት ለምንድን ነው? መልሱ የውሃው ጥልቀት ነው። ለእነዚህ ወፎች የውሃ ብዛት ብቻውን አይጠቅማቸውም፤ ውሃው እንደ እግራቸውና እንደ ምንቃራቸው ልክ መሆን አለበት።

አባቶቻችን ያለ ሜትር ሲለኩ ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ ይሉ ነበር። የባሕረ ሰላጤውን ወፎች ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ዌስተርን ሳንድፓይፐር የምትባለው ወፍ ክብደቷ 25 ግራም ገደማ፣ የአንድ የዶሮ እንቁላል ግማሽ ያህል ነው። እግሯ አጭር ስለሆነ ከሁለት ጣት በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ቆማ መብላት አትችልም። ምግቧ የሚገኘው እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ትንንሽ ትሎችን ትለቅማለች፤ በተጨማሪም በዓይን የማይታዩ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች በጭቃው ገጽ ላይ የሚሠሩትን ስስ፣ ልጋግ መሰል ሽፋን በምላሷ ጠርዝ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ትጠርጋለች። ይህን በልታ በሚያዝያ ወር ወደ አላስካ ትነሳለች። አቮሴት ግን እግሩ ረጅም፣ ቀጭን ምንቃሩም ወደ ላይ የተቆለመመ ነው። ጋት ወይም ግማሽ ስንዝር በሚሆን ውሃ ውስጥ ቆሞ ምንቃሩን ግራና ቀኝ እያመላለሰ ውሃውን ያጭዳል። ጋድዊት ረጅም ምንቃሩን እስከ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ሰክቶ ትል ይስባል። ፒንቴይልና ሾቨለር የሚባሉት ዳክዬዎች ስንዝር ውሃ ይበቃቸዋል። እነዚህ ሁለቱ ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ የአውሮፓና የእስያ ብርድ ሲበረታ የዚያ ወገን ዘመዶቻቸው እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይወርዳሉ። ጠላቂዎቹ ስካፕና ካንቫስባክ ደግሞ ክንድና ከዚያ በላይ ውሃ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ በአንድ ኩሬ ላይ የውሃው ከፍታ በአንድ ስንዝር ቢጨምር ወፍ አይሞትም፣ ዛፍ አይወድቅም፣ ከመንገድ ሆኖ የሚያይ ሰውም ምንም የተለወጠ ነገር አይታየውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሳንድፓይፐሮች ግን በዚያ ቀን የሚበሉትን አጥተዋል።

ባሕሩ ራሱ ይህን ጥልቀት በቀን ሁለት ጊዜ ይለዋውጠዋል። ደቡባዊው ጫፍ ጠባብና ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃው ሲሞላና ሲሸሽ ያለው ልዩነት ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ሲሸሽ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይገለጣል፤ ወፎቹ የውሃውን ጠርዝ እየተከተሉ ይበላሉ። ሲሞላ ያው ጭቃ ለዓሣ ይተርፋል። ሌፐርድ ሻርክና ባት ሬይ ከጥልቁ ወጥተው ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይለቅሙበታል። ሃርበር ሲል የሚባሉት አጥቢ የባሕር እንስሳት ደግሞ ሞውሪ ስላው በተባለው የረግረግ ቦይ ዳር ወጥተው ያርፋሉ፤ በፀደይም እዚያው ይወልዳሉ። ጀልባ ከተጠጋቸው ደንግጠው ወደ ውሃ ይገባሉ፤ ግልገሉም ከእናቱ ሊለያይ ይችላል። በመውለጃቸው ወራት መጠለያው ከቦታው ራቁ እያለ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው።

ውሃው ሞልቶ ጭቃው ሲሸፈን ወፎቹ የት ይሄዳሉ? የዚህ ምዕራፍ ዋና ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚሄዱት ሰው ለጨው ብሎ ወደ ሠራቸው ኩሬዎች ነው።

አፍዴራ ላይ ጨው ሲመረት ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ጨዋማውን ውሃ ወደ ጥልቀት የለሽ ኩሬ ያስገባሉ፣ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ያተኑታል፣ ጨው ይቀራል። በባሕረ ሰላጤው ዳር ከሁሉ በፊት ጨው ይሰበስቡ የነበሩት የአገሩ ነባር ሕዝብ ኦሎኔዎች ናቸው። ከ1854 ጀምሮ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነጋዴዎች ረግረጉን በአፈር ግድብ እየከለሉ ኩሬ ያበጁ ጀመር። ብዙ ትንንሽ ጨው አምራቾች እየተጠቃለሉ ሌስሊ ሶልት በተባለ ኩባንያ ሥር ገቡ፤ እሱንም በ1978 ካርጊል ገዛው። ውሃው ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሻገረ ጨው እስኪሆን አምስት ዓመት ያህል ይፈጃል። በየደረጃው ጨዋማነቱ ሲጨምር የሚኖርበት ፍጥረትም ይቀየራል። በአውሮፕላን ሳን ፍራንሲስኮ ወይም ኦክላንድ ያረፈ ሰው በመስኮቱ ያየው አረንጓዴ፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ ውሃ ይህ ነው፤ ቀለሙ የአልጌና የጨው ወዳድ ባክቴሪያ ነው።

ረግረጉ በግድብ ሲታጠር የጠፋው ብዙ ነው። ከባሕረ ሰላጤው የቀድሞ ረግረግ አብዛኛው፣ ከአሥር እጅ ስምንት ወይም ዘጠኙ፣ በጨው ኩሬ፣ በእርሻና በከተማ ተውጧል። ሆኖም ኩሬው የራሱን ነዋሪ አፈራ። ዓሣ በማይኖርበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ጥቃቅን ሽሪምፕና ዝንብ ያለ ልክ ይራባሉ። ፋላሮፕ የምትባለው ወፍ በላዩ እየዋኘች እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ ስትሾር ከሥር የሚነሳውን ምግብ ትለቅማለች፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አሜሪካ ጨዋማ ሐይቆች ትበራለች። ስኖዊ ፕለቨር የተባለችው ትንሽ ወፍ በደረቀው የጨው ወለል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው የሰው ሥራ ላይ ወፎቹ ኑሮ መሠረቱ።

ይህ ሁሉ ዛሬ ኮንክሪት ሊሆን ለጥቂት ነው የተረፈው። በታኅሣሥ 1959 ኦክላንድ ትሪቢዩን ጋዜጣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁትን አንድ ካርታ አወጣ። ካርታው ባሕረ ሰላጤው በአፈር መሞላቱ በዚያው ከቀጠለ በ2020 ከወንዝ ያልሰፋ ውሃ ብቻ እንደሚቀር የሚያሳይ ነበር። ከኦክላንድ አጠገብ ባለችው በርክሊ የሚኖሩ ሦስት ሴቶች፣ ኬይ ኬር፣ ሲልቪያ ማክላፍሊንና ኤስተር ጉሊክ፣ ካርታውን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። የገዛ ከተማቸው 2,000 ኤከር ባሕር በአፈር ሞልታ ስፋቷን በእጥፍ ልትጨምር አቅዳ ነበር። በ1961 ማኅበር አቋቋሙ፤ የአባልነት መዋጮውን አንድ ዶላር አደረጉት። መዋጮው ትንሽ የሆነው ታስቦበት ነው፤ የሚፈልጉት የሰው ብዛት ነበርና። በ1965 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ባሕር መሙላትን በፈቃድ ብቻ የሚያደርግ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1969 ኮሚሽኑ ቋሚ ሆነ። ባሕረ ሰላጤው ከዚያ ወዲህ አልጠበበም፤ እንዲያውም ሰፍቷል።

ደቡቡ የራሱ ተሟጋቾች ነበሩት። አርት ኦጊልቪ የተባለ የሳንታ ክላራ ካውንቲ የፕላን ባለሙያ የደቡቡ ረግረግ ብሔራዊ መጠለያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የፓሎ አልቶ ነዋሪዎቹ ፍሎረንስና ፊሊፕ ላሪቪዬር፣ ባልና ሚስት፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ነገሩን ያዙት። የሳን ሆዜው የኮንግረስ አባል ዶን ኤድዋርድስ ሕጉን ዋሽንግተን ይዞ ሄደ፤ በ1972 ጸደቀ። በከተማ መካከል የተቋቋመ የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ይህ ነው። በ1995 የኤድዋርድስን ስም ያዘ። በ1988 ኮንግረሱ መጠለያው እስከ 43,000 ኤከር እንዲሰፋ ፈቀደ፤ ለዚህም የተሟገቱት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ባለሥልጣን ሐሳቡን አስቦ ለሕዝብ የሰጠው ስጦታ አድርጎ ታሪኩን የሚተርክ ሰው ይሳሳታል። ባለሥልጣኑ የመጣው ሕዝቡ ደጋግሞ በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው።

በ2003 የፌዴራሉና የካሊፎርኒያ መንግሥት፣ የግል ፋውንዴሽኖች ታክለውበት፣ ከካርጊል 16,500 ኤከር የጨው ኩሬ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ከዚህ 15,100 ኤከር የሚገኘው በደቡቡ ክፍል ነው። ግድቡን አፍርሶ ባሕሩን ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዱን ቦታ ሁለት ዓይነት ነዋሪ ይፈልገዋል።

በአንድ ወገን የረግረጉ ልጆች አሉ። ሪጅዌይስ ሬይል የሚባለው፣ ከመብረር መሮጥ የሚቀናው ወፍ፣ በረግረጉ ሣር ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በዚያው ሣር ጨዋማ ቅጠል የሚበላ፣ በዓለም ከዚህ ባሕረ ሰላጤ ዳር በቀር የትም የማይገኝ ትንሽ አይጥ አለ። ሁለቱም በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ ተብለው ከተመዘገቡ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለእነሱ ግድቡ መፍረስ አለበት። በሌላው ወገን ፋላሮፕ፣ ስኖዊ ፕለቨርና አቮሴት አሉ። ለእነሱ ግድቡ መቆየት አለበት። የተደረሰበት ውሳኔ ቢያንስ ግማሹ ኩሬ ረግረግ እንዲሆን፣ የቀረው ኩሬ ሆኖ ውሃው በመዝጊያ በር እየተለካ እንዲያዝ ነው። ረግረጉ ከአሥር እጅ ዘጠኙ እስኪደርስ ይስፋፋ ወይስ ግማሹ ላይ ይቁም የሚለው በአንድ ቀን አልተወሰነም። ጥቂት ኩሬ ይከፍታሉ፣ ወፍ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ይወስናሉ። ቀርፋፋ አሠራር ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል፤ አንዴ የፈረሰ ግድብ ተመልሶ አይገነባም።

ለጥንቃቄው ሌላም ምክንያት አለ። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ያለው ኒው አልማደን በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሜርኩሪ ማዕድን ነበር፤ በካሊፎርኒያ የወርቅ ጥድፊያ ዘመን ወርቁ የሚለየው በሜርኩሪ ነው። ከዚያ የወጣው መርዝ በጓዳሉፔ ወንዝ ተጠርጎ አልቪሶ ደጃፍ ላይ፣ በጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ኤ8 የተባለውን ኩሬ ለባሕሩ ሲከፍቱ ጭቃው ተበጥብጦ ሜርኩሪው ዓሣና ወፍ ውስጥ እንዳይገባ ተፈራ። ስለዚህ እንደልብ የሚዘጋና የሚከፈት በር ሠሩ፤ ከ2011 ጀምሮ በዓሣና በወፍ እንቁላል ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ እየለኩ በሩን ቀስ በቀስ ከፈቱት።

መሬቱም ራሱ ሰምጧል። ሳንታ ክላራ ሸለቆ የፍራፍሬ እርሻ በነበረበት ዘመን ገበሬው፣ ኋላም ከተማው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ልክ ይስብ ስለነበር የሳን ሆዜ መሐል ከተማ 4 ሜትር ገደማ ወርዷል። አልቪሶ ከባሕር ወለል በታች የቀረው በዚህ ነው፤ በ1983 ሰፈሩ በጎርፍ ተውጦ ነበር። አሁን የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ስለሆነ የጨው ኩባንያው አሮጌ የአፈር ግድብ አያስተማምንም። አዲስ ግድብ እየተሠራ ያለው ከኩሬዎቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ከተማው ተጠግቶ ነው፤ ከፊቱ ያለው ረግረግ የሞገዱን ጉልበት እንዲያበርድ ታስቧል። ለወፍና ለአይጥ ተብሎ የተመለሰው ረግረግ ለሰፈሩ ሰው ቤት መከታ ይሆናል ማለት ነው።

የኦክላንዱ የወፍ መጠለያ ደግሞ ከደቡቡ መጠለያ ይቀድማል። በከተማዋ መሐል ያለው ሌክ ሜሪት፣ ሐይቅ ይባል እንጂ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ ጨዋማ ውሃ ነው። የከተማዋ ከንቲባ የነበረው ዶክተር ሳሙኤል ሜሪት በ1860ዎቹ መጨረሻ አፉን በግድብ አስከተረ። በ1870፣ አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካለፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በሐይቁ ላይ ወፍ ማደንን በሕግ ከለከለ። ለዚህም ነው ሌክ ሜሪት በአሜሪካ የመጀመሪያው በሕግ የተቋቋመ የዱር እንስሳት መጠለያ የሚባለው፤ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ እንኳ የተቋቋመው በ1872 ነው። መነሻው ለወፍ ማዘን ብቻ አልነበረም። ሜሪት በዳርቻው ቤት ይሠራ ነበር፤ በደጃፍ የሚተኮስ ጥይት ደግሞ ለቤት ፈላጊ አይመችም። በ1925 ለወፎች ብቻ የሚሆን ደሴት በሐይቁ ውስጥ ተሠራ፤ በኋላ ሌሎች ተጨመሩ። ናይት ሄሮን የተባለው፣ ቀይ ዓይንና ጥቁር አናት ያለው፣ ማታ የሚያድን ወፍ በሐይቁና በመሐል ከተማው ዛፎች ላይ ይኖራል። ይህ ወፍ በኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርም አለ። የአንድ ትምህርት ቤት ሕፃናት ተከራክረው በ2019 የኦክላንድ ይፋዊ ወፍ አስደርገውታል።

በነሐሴ 2022 ግን ሌክ ሜሪት ገማ። ከባሕረ ሰላጤው የተነሳ የአልጌ ወረርሽኝ ውሃውን ቡናማ አድርጎት ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓሣዎች፣ ትልልቅ ስተርጀንና ባት ሬይ ጭምር፣ ሞተው ዳርቻው ላይ ተከመሩ። አልጌውን የመገበው በአመዛኙ ናይትሮጅን ነው፤ ዋና ምንጩም የየከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ናቸው። ጣቢያዎቹ ፍሳሹን ያጸዳሉ፣ ናይትሮጅኑን ግን በአብዛኛው አያወጡትም። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ያሉት የእኛ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች፣ የሳን ሆዜው የእያንዳንዳችን ቤት፣ የሁሉም ፍሳሽ የሚሄደው ወደነዚሁ ጣቢያዎች ነው። በ2024 የክልሉ የውሃ ጥራት ቦርድ ጣቢያዎቹ በበጋ የሚለቁትን ናይትሮጅን እስከ 2034 በ40 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ወጪው በቢሊዮኖች ዶላር ነው፤ የፍሳሽ ሂሳባችን ላይ ይመጣል። ሂሳቡ ሲጨምር ማጉረምረም ተገቢ ነው፤ ለምን እንደጨመረ ማወቅ ግን ይገባናል። በ2016 በዘጠኙ የባሕረ ሰላጤው ካውንቲዎች ያለው መራጭ ለረግረጉ መመለስ በአንድ ይዞታ በዓመት 12 ዶላር ለ20 ዓመት ለመክፈል ድምፅ ሰጥቷል። ሕጉ የሚጠይቀው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ አለፈ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የስምጥ ሸለቆውን የአቢጃታ ሐይቅ እያሰብኩ ነው። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አጠገቡ ባለው አቢጃታ ነበር፤ ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣም አያፈራላቸውም። አቢጃታ ግን ጥልቀቱ ትንሽ፣ ዳርቻው ሰፊ ስለነበረ ፔሊካኑም፣ ፍላሚንጎውም፣ ከሰሜን የሚመጣው ሳንድፓይፐርም የየልኩን ያገኝበት ነበር። ውሃው የሚመጣው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራቀሎ ነው። በዝዋይና በቡልቡላ ዳር መስኖ ሲበዛ የሚደርሰው ውሃ አነሰ። ከሐይቁ ራሱ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ይሳብ ጀመር። ሐይቁ ከቀድሞ ስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጣ፤ ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ወደ ሌላ ሐይቅ ሄዱ። ፓርክ ተብሎ የተከለለው መሬት እዚያው አለ፤ የተከለለው ግን መሬቱ እንጂ ወደ ውስጡ የሚፈስሰው ውሃ አልነበረም።

አልቪሶ ላይ የተደረገውን አቢጃታ ላይ ለማድረግ 100 ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም፤ የሚፈርስ ግድብም የለም። የሚያስፈልገው በዓመት ስንት ውሃ አቢጃታ መድረስ እንዳለበት የሚወስን አንድ ቁጥርና ያን ቁጥር የሚያስከብር አካል ነው። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ ፈቃድ የሚሰጡ ክፍሎች መጀመሪያ የሐይቁን ድርሻ ይመድቡ፤ ለእርሻና ለፋብሪካ የሚከፋፈለው ከዚያ የተረፈው ይሁን። የኢትዮጵያን የውሃ ሥራ የምታውቁ፣ አገር ቤትም ሆነ እዚህ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያላችሁ መሐንዲሶች፣ ይህን ቁጥር ለማስላትና ለመሟገት ከእናንተ የተሻለ የለም።